ነሐሴ 33ን ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ነሐሴ ስንት ቀን አለው ቢባሉ ሳያስቡ “ሠላሳ” ይላሉ፡፡ እኔም ሳላስብ “ሠላሳ” ብዬ ነው የብዙ ሰው ዓመት በዓል ላበላሽ የደረስኩት፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የግል ድርጅት በፕሮግራመርነት ተቀጠርኩ፡፡ ድርጅቱ መጋዘንና ማሸጊያ ቤት ያለው፣ ከመቶ በላይ የቀን ሠራተኞች የሚያሠራ ነበር፡፡ የደመወዝ ፕሮግራሙን የጻፈው ባለሙያ እኔ ከመግባቴ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ቶሮንቶ ገብቷል፡፡ ርክክብ አልተደረገም ብዬ ሰው አላማም፤ ተደርጓል፡፡ ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ፣ የመሳቢያ ቁልፍ፣ ማውዝ ብዛት 1፣ ሁሉም በሦስት ቅጂ ተፈርሞበታል፡፡ ክሊራንሱንም አይቼዋለሁ፡፡ ከንብረት ክፍል፣ ከፋይናንስ፣ ከአስተዳደር ዕዳ እንደሌለበት ተረጋግጧል፡፡ ጭንቅላቱ ውስጥ ስላለው ነገር የሚጠይቅ መስመር ግን ቅጹ ላይ የለም፡፡

እኔ የተረከብኩት አሥራ አንድ ሺህ መስመር የሚሆን ኮድ ነበር፡፡ ማታ ማታ እያነበብኩ ሳለሁ ሁለት እንግዳ ነገሮች አጋጠሙኝ፡፡ አንደኛው 1723856 የሚል ቁጥር ነው፤ ቀን በሚሰላበት ቦታ ሁሉ ይደመራል፡፡ ሁለተኛው አራት መስመር የማትሞላ ትዕዛዝ ናት፡፡ ለባለሙያ ያልሆነ አንባቢ ስትተረጎም እንዲህ ትላለች፤ “ወሩ 13 ከሆነ፣ ወሩን 12 አድርገው፤ በቀኑ ላይም 30 ደምርበት፡፡” በዚህ ስሌት ጳጉሜን 3 ማለት ነሐሴ 33 ይሆናል፡፡

ለቁጥሩ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፡፡ የሥነ ፈለክ ሰዎች ቀኖችን ወርና ዓመት ሳይለዩ በተከታታይ የሚቆጥሩበት ዘዴ አላቸው፡፡ ቆጠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4713 ዓመት ይጀምራል፡፡ በዚያ ቆጠራ የእኛ መስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. 1724221ኛው ቀን ነው፡፡ ከዚያ ላይ የአንድ ዓመት 365 ቀን ሲቀነስ 1723856 ይመጣል፡፡ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ ኢትዮጵያ የሚቀይር ፕሮግራም ከሞላ ጎደል ይህን ቁጥር የሆነ ቦታ ይዞታል፡፡ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ፈልጎ የሚያገኘው አያጣም፡፡

“ነሐሴ 33”ን ግን ኢንተርኔት ላይ አልፈለግኩትም፤ ምን ብዬ እፈልገዋለሁ? እንቅልፍ የተጫነው ሰው የሠራው ስህተት ነው ብዬ ሰረዝኩት፡፡ ከሰረዝኩ በኋላ የጥቅምትን፣ የኅዳርን፣ የታኅሣሥን ደመወዝ ሞከርኩ፡፡ ሁሉም ሳንቲም ሳይዛነፍ ወጣ፡፡ ለአለቃዬም “አንድ የቆየ ስህተት አርሜያለሁ” ብዬ በኩራት ሪፖርት አደረግኩ፡፡

ወራቱ ነጎዱ፡፡ ያ ዓመት ጳጉሜን ስድስት የሆነችበት ነበር፤ ጳጉሜን 6 ዓርብ፣ እንቁጣጣሽ ቅዳሜ፡፡ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የቀን ሠራተኞቹ ክፍያ ሊቀበሉ ገንዘብ ያዡ መስኮት ላይ ተሰለፉ፡፡ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች ተቀብለው ቆጠሩና ተመለሱ፡፡ አራተኛው ጮኸ፡፡ የነሐሴ ተከፍሏል፤ የጳጉሜን የለም፡፡ ጳጉሜን 1 እሑድ ስለነበረች የሥራ ቀኖቹ አምስት ነበሩ፡፡ የአምስት ቀን ጉልበት፣ በበዓል ዋዜማ፣ ከመቶ በላይ ሰው ላይ፡፡ ከሰልፉ መሀል አንዲት ጠና ያሉ ሴት ወደ እኔ ጠጋ ብለው በጣም በትሕትና “ልጄ፣ ይሄ ኮምፒዩተር ጳጉሜንን አያውቃትም እንዴ?” አሉኝ፡፡

የፋይናንስ ኃላፊውና እኔ የካቦዎቹን ደብተር ዘርግተን በካልኩሌተር ስንደምር እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ቆየን፡፡ ገንዘቡ ከፔቲ ካሽና ከኃላፊው ደግነት ተገኘ፡፡ ሁሉም ተከፈላቸው፤ በግ ገዝቶ ወደ ቤቱ ለመግባት ግን ለብዙዎቹ መሽቶባቸዋል፡፡ (የወር ደመወዝተኞች ለጳጉሜን እንደማይከፈለን አንባቢ ያውቃል፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል፡፡)

ከዚያ በኋላ ነው ቶሮንቶ የደወልኩት፡፡ እዚያ የምሳ ሰዓት ነበር፡፡ ራሴን አስተዋውቄ የተፈጠረውን ስነግረው ጥቂት ዝም አለና “ነሐሴ 33ን አጠፋኸው እንዴ ወንድሜ?” አለኝ፡፡

ታሪኩ ይኸው ነው፡፡ የደመወዝ መዝገቡ አሥራ ሁለት ሰንጠረዥ ብቻ ነበረው፤ አሥራ ሦስተኛ አልተሠራለትም፡፡ በ2003 ዓ.ም. የቀን ሠራተኞቹ የጳጉሜን ሒሳብ ከመስከረም ጋር ተደርቦ መስከረም መጨረሻ ላይ ሊከፈል ነበር፡፡ የዚያን ጊዜው የፋይናንስ ኃላፊ “ሰው ለበዓል ባዶ እጁን አይገባም” ብለው ከነሐሴ ጋር እንዲታሰብ ወሰኑ፡፡ እሱም በዚያው ምሽት አራቷን መስመር ጻፈ፡፡ እኔ መስመሮቹን ስሰርዝ የጳጉሜን ቀኖች ማንም ሪፖርት ወደማይፈልጋቸው “ወር 13” ሄደው ተቀመጡ፡፡ ፕሮግራሙ ስህተት አለ ብሎ አልጮኸም፡፡ ለምን ማብራሪያ እንዳልጻፈበት ስጠይቀው “ሁሉም ሰው ያውቀዋል ብዬ ነው” አለኝ፡፡ “ሁሉም ሰው” ማለት ሦስት ሰው ነበር፤ አንዱ ጡረታ ወጥተዋል፣ አንዱ ቶሮንቶ ነው፣ ሦስተኛዋ ገንዘብ ያዥ ነች፤ እሷም ድምሩ ትክክል መምጣቱን እንጂ እንዴት እንደሚመጣ አታውቅም፡፡

በእኛ ሙያ ዕውቀት ስለ መካፈል ሲነሳ ብዙ ሰው ሥልጠና፣ መጽሐፍና ሴሚናር ይታየዋል፡፡ እነዚህ ጥሩ ናቸው፤ ግን ከ1723856 ወገን ናቸው፡፡ የሚጎዳን የነሐሴ 33 ዓይነቱ ዕውቀት ሲጠፋ ነው፡፡ እሱን የትም ዩኒቨርሲቲ አያስተምረውም፤ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ምሽት፣ በሁለት ሰው ንግግር የተወለደ ነውና፡፡ ኮዱ ምን እንደሚያደርግ ራሱ ኮዱ ይናገራል፤ አንብቦ መረዳት ይቻላል፡፡ ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ፣ ምን ሌላ አማራጭ ታይቶ እንደተጣለ፣ ማን ተቆጥቶ እንደተቀየረ ግን አይናገርም፡፡

ይህን ከማንም በፊት አጥርቶ የጻፈው ዴንማርካዊው የኮምፒዩተር ሳይንቲስት ፒተር ናውር ነው፡፡ የሙያው ትልቁ ክብር የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2005 የተቀበለ ሰው ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ፕሮግራም ማለት በወረቀት የሰፈረው ትዕዛዝ ሳይሆን በጸሐፊዎቹ አእምሮ ውስጥ የተገነባው መረዳት ነው ብሎ ተከራከረ፡፡ ማስረጃ ያደረገው ያየውን ነው፡፡ አንድ ቡድን አንድን የፕሮግራም ቋንቋ ኮምፒዩተር ወደሚረዳው የሚተረጉም ሶፍትዌር ሠራ፤ ሌላ ቡድን ደግሞ ያንኑ ወስዶ ጥቂት ሰፋ ላለ ቋንቋ እንዲሆን ሊያሳድገው ተነሳ፡፡ ሁለተኛው ቡድን ኮዱ በሙሉ፣ ማብራሪያ ሰነዱም በሙሉ ተሰጥቶታል፡፡ ያም ሆኖ ያቀረባቸው መፍትሔዎች የሶፍትዌሩን ውስጣዊ አሠራር የሚያፈርሱ ሆኑ፡፡ የመጀመሪያው ቡድን ሰዎች ወዲያው አይተው፣ አሠራሩን ሳይነኩ ቀላል መንገድ አሳዩአቸው፡፡ ሰነዱ ያላስተላለፈው ነገር ነበር ማለት ነው፡፡ ናውር የደረሰበት መደምደሚያ ጠንከር ይላል፤ መረዳቱን የያዙት ሰዎች ሲበተኑ ፕሮግራሙ እየሠራም ቢሆን ሞቷል ይላል፡፡

እኔ እዚህ ላይ ከእሱ ትንሽ እለያለሁ፡፡ ሁሉንም መጻፍ አይቻልም በማለቱ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሁሉንም መጻፍ አይቻልም ማለት አንድ መስመር አይጻፍ ማለት አይደለም፡፡ “የቀን ሠራተኞች የጳጉሜን ክፍያ ከነሐሴ ጋር እንዲከፈል በፋይናንስ ኃላፊ ተወስኗል፣ 2003 ዓ.ም.” ብትጻፍ ያቺ ዓርብ እንደማንኛውም ዓርብ ታልፍ ነበር፡፡

ለዚህ የሚሆኑ ዘዴዎች ሙያው ካበጀ ቆይቷል፡፡ የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበውና ዛሬ በስፋት የምንጠቀምበት ጊት የተባለው መሣሪያ፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊኑክስ ሥራ ብሎ የሠራው ነው፡፡ ጊት ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደለወጠ ራሱ ይይዛል፡፡ “ለምን” የሚለውን ግን እርስዎ እንዲጽፉ ባዶ ቦታ ይተውልዎታል፡፡ ብዙዎቻችን እዚያ ቦታ ላይ “ተስተካክሏል” ብለን እናልፋለን፡፡ እኔ ነሐሴ 33ን ስሰርዝ የጻፍኩት ምን ነበር መሰለዎት? “ስህተት ታረመ፡፡”

ሌላው ዘዴ የውሳኔ ማስታወሻ ነው፡፡ ማይክል ናይጋርድ የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2011 ያስተዋወቀው አሠራር ቀላል ነው፡፡ አንድ ትልቅ ውሳኔ በተወሰነ ቁጥር አንድ ሁለት ገጽ ይጻፋል፤ ሁኔታው ምን ነበር፣ ምን ተወሰነ፣ ውሳኔው ምን ያስከትላል፡፡ ማስታወሻው ከኮዱ ጋር አብሮ ይቀመጣል፡፡ ውሳኔው በኋላ ቢሻር እንኳ ወረቀቱ አይጠፋም፤ “ተሽሯል” ተብሎ ይጻፍበታል እንጂ፡፡ ቃለ ጉባዔ መያዝ ለለመደ የእኛ አገር መሥሪያ ቤት ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም፡፡ የሚገርመው ለሻይ ክበብ ኪራይ ቃለ ጉባዔ የሚይዘው መሥሪያ ቤት የሰው ደመወዝ ለሚያሰላው ኮድ አለመያዙ ነው፡፡

ከሁሉ የበለጠ የሚሠራው ግን፣ በእኔ ልምድ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያነበው ወደ ሥራ አለማስገባት ነው፡፡ የአይቢኤሙ ማይክል ፌገን እ.ኤ.አ. በ1976 ይህንን በሥርዓት አስቀምጦ ነበር፡፡ ባለሙያዎች ተሰብስበው ኮዱን መስመር በመስመር ይመረምሩታል፤ ዓላማው ስህተት መያዝ ነው፡፡ በኋላ የታየው ግን ስህተት ከመያዙ እኩል ጥቅም ያለው ሌላ ነገር መኖሩ ነው፤ ያን ኮድ የሚያውቁት ሰዎች ከአንድ ወደ ሁለትና ሦስት ያድጋሉ፡፡ የእኔን ስረዛ አንድ ሰው አይቶ “ይሄን ለምን አጠፋኸው?” ቢለኝ መልስ አልነበረኝም፡፡ መልስ ማጣቴ ብቻውን ገንዘብ ያዧ ዘንድ ይወስደኝ ነበር፤ እሷም “በጳጉሜን የሆነ ነገር ነበር” ማለቷ አይቀርም፡፡

ታዲያ ዘዴው ካለ ለምን አይደረግም? ጊዜ የለም ይባላል፡፡ እኔ አላምንም፡፡ አንድ መስመር ለመጻፍ አንድ ደቂቃ ይበቃል፡፡ እውነተኛው ምክንያት፣ በቡና ሰዓት ካልሆነ በስብሰባ የማይነገረው፣ ፍርሃት ነው፡፡ “የማውቀውን ሁሉ ከጻፍኩት እኔን ምን ያደርጉኛል?” ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም፡፡ ሥራውን አስተምሮ ሲጨርስ በተማሪው የተተካ ሰው አውቃለሁ፤ ያሰናበተው አለቃም ወጪ በመቀነሱ ተመስግኗል፡፡ እንዲህ ያለ አለቃ ባለበት “ዕውቀታችሁን ተካፈሉ” የሚል ማስታወቂያ መለጠፍ ቀልድ ነው፡፡ ሌላውም እያየ ነዋ!

ባህላችንም ሁለቱንም መንገድ ያውቃቸዋል፡፡ መድኃኒት አዋቂ ሥሩን የሚነግረው ለአንድ ልጁ፣ እሱንም በስተርጅና ነው፤ ከነገረው መድኃኒቱ ይረክሳል ይባላል፡፡ ሳይናገሩ ሞት የቀደማቸው አዋቂዎች ይዘውት የሄዱትን የሚቆጥረው የለም፡፡ በአንጻሩ ቅኔ ቤት ገባ ብለው ቢያዩ፣ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስተምራል፤ መምህሩ የዘረፉት ቅኔ በጉባዔ መሀል ይፈታል፤ ሰምና ወርቁ በሁሉ ፊት ይለያል፡፡ የመምህሩም ዝና የሚለካው ባወጧቸው ደቀ መዛሙርት ነው፡፡ የእኛን ሙያ ሰዎች ብዙ ጊዜ የማያቸው ከመድኃኒት አዋቂው ወገን ነው፡፡

የዚህን ዋጋ አንድ ጊዜ እንደ አገር ከፍለነዋል፡፡ ከ1980ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት ጀምሮ፣ አገር ውስጥም ውጭም ያሉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ፊደላችንን ኮምፒዩተር ላይ ለማስገባት ተረባርበዋል፤ ውለታቸው ትልቅ ነው፡፡ ግን እያንዳንዱ ለፊደላቱ የየራሱን ቁጥር ሰጠ፡፡ በጊዜው አንድ የፊደል ፋይል የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነው፤ የእኛ ፊደል ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ከሦስት መቶ ይበልጣል፡፡ ስለዚህ አንዱ ፊደሉን ለሁለት ፋይል ከፈለው፣ ሌላው ከቁርጥራጭ ገጣጠመው፡፡ ማን እንዴት እንዳደረገው የንግድ ምስጢር ሆነ፡፡ ውጤቱን በዚያን ጊዜ ቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል፤ አንዱ መሥሪያ ቤት የጻፈው አማርኛ ሌላው ጋ ሲከፈት የፈረንጅ ፊደልና የነጠላ ሰረዝ ገንፎ ነበር፡፡ ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ መለያ እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛ እትሙ ለግዕዝ ፊደል የ384 ቁጥሮች መደብ ሲሰጥ ችግሩ ከሥሩ ተፈታ፡፡ ዛሬ በስልክዎ አማርኛ ሲጽፉ ተቀባዩ ያነበዋል፡፡ የቀድሞዎቹን ፋይሎች ወደዚህ ለመመለስ ግን የየጸሐፊውን የቁጥር ሰንጠረዥ ማወቅ ግድ ነው፡፡ ሰንጠረዡ ያልተገኘለት ሰነድ በየሲዲው ገንፎ እንደሆነ ተቀምጧል፡፡

የተገላቢጦሹን ልንገርዎ፡፡ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1994 ከቋንቋው ተጠቃሚዎች አንዱ፣ ጊዶን አውቶቡስ ቢገጨው እኛ ምን ይውጠናል ብሎ በአደባባይ ጠየቀ፡፡ ጥያቄው ነውር አልተባለም፡፡ ለቋንቋው የሚቀርብ ለውጥ ሁሉ ምክንያቱ፣ የተጣለውም አማራጭ ጭምር ተጽፎ ለማንም አንባቢ ክፍት የሚሆንበት ሥርዓት ዳበረ፡፡ ጊዶ እ.ኤ.አ. በ2018 ደከመኝ ብሎ ከመሪነት ወረደ፤ በተከታዩ ዓመት በምርጫ የተቋቋመ የአምስት ሰዎች ምክር ቤት ቦታውን ተረከበ፡፡ ቋንቋው እስከ ዛሬ እየሠራ ነው፡፡ ጊዶም ዋጋው አልቀነሰም፤ ጡረታ ወጥቶ ከነበረበት ማይክሮሶፍት ሥራ ሰጥቶታል፡፡

አሁን ደግሞ “ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስላለ ይህ ሁሉ ቀረ” የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፡፡ ሞክሬዋለሁ፡፡ 1723856ን ብሰጠው በሰከንድ ውስጥ እኔ ግማሽ ሰዓት ከፈጀሁበት በተሻለ አብራራልኝ፡፡ አራቷን መስመር ብሰጠው ደግሞ፣ ነሐሴ 33 ቀን ስለሌለው ስህተት ይመስላል፣ ላርምልዎት ወይ አለኝ፤ ልክ እኔ በ2007 ዓ.ም. ያልኩትን፣ በበለጠ ጨዋነት፡፡ አይፈረድበትም፡፡ የፋይናንስ ኃላፊው ያን ምሽት ያሉትን አልሰማም፡፡

በዚያ ድርጅት ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፡፡ ስወጣ ክሊራንሱ ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር ጠይቄ ነበር፤ የአስተዳደር ኃላፊው ቅጹ በደንብ የታተመ ነው ብለው አልተቀበሉኝም፡፡ በራሴ ወጪ አርባ ገጽ ጽፌ ትቼላቸዋለሁ፡፡ የመጀመሪያው ገጽ ስለ ነሐሴ 33 ነው፡፡

አሁን የምሠራበት ቦታ ከእኔ ጋር አንዲት ወጣት ባለሙያ አለች፤ ከገባች ስድስት ወሯ ነው፡፡ ባለፈው ሰሞን የእኔን የቆየ ኮድ ይዛ መጣችና “ይሄ 41 ምንድን ነው?” አለችኝ፡፡ አየሁት፡፡ “አቅራቢው ቁጥር 41 ከሆነ ዝለለው” ይላል፡፡ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቀኑም ስሜም አለበት፡፡ አቅራቢ ቁጥር 41 ወረቀት የሚሸጡ ሰው መሆናቸውን ግዢ ክፍል ነገረን፡፡ ለምን እንደሚዘለሉ ግን ግዢም አያውቅም፣ ሒሳብ ክፍልም አያውቅም፣ እኔም ሁለት ቀን አስቤ አላስታወስኩም፡፡ ልሰርዘው ስል እጄን ያዘችኝ፡፡ ከመስመሩ በላይ ራሷ እንዲህ ብላ ጻፈችበት፤ “ምክንያቱን የጻፈው ሰው አያስታውሰውም፤ እስኪጣራ አይነካ፡፡”